ማን መጣ?

«እዚህ ላይ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ» አሉ ጋሼ ስጦታው፣ ወረቀቱን በጣታቸው እየመቱ። «ነገ የሞጣ ዘመዶቻችን በሙሉ ይመጣሉ። ለቀብሩ መንገድ ተዘግቶባቸው ስለቀሩ፣ የአባባን የሕይወት ታሪክ የሚሰሙት ካንቺ አፍ ነው።»

እስከዳር ጉሮሮዋን ጠርጋ እንደገና ጀመረች። በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ዜና የምታነበው እሷ ስለሆነች፣ የአያቷን የአርባ ቀን ንባብ ለእሷ ሰጥተዋታል።

«አቶ ገላው ከሞጣ ተነስተው ቢቸና ላይ ሱቅ የከፈቱ፣ ቆዳ ጭነው አስመራ፣ ጨርቅ ፍለጋ ድሬዳዋ፣ ዕቃ ሊያመጡ አሰብና ጅዳ የተመላለሱ ታላቅ ነጋዴ ነበሩ። ይሁን እንጂ አንድም በዓል ከልጆቻቸው ተለይተው አያውቁም።»

ጥግ ይዞ ያዳምጥ የነበረው አባቷ ሐብታሙ ድንገት ተነስቶ ወጣ።

ጋሼ ስጦታው የሐብታሙ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ወረቀቱን የጻፉትም እሳቸው። ወንድማቸው ሲወጣ ቀና ብለው አዩና መነጽራቸውን መወልወል ጀመሩ።

«ውሸት ነው እንዴ?» ብላ እስከዳር የአጎቷን ልጅ አርሴማን በሹክሹክታ ጠየቀቻት።

«አታካብጂ ባክሽ! አንድ መስመር ናት። ፈጠን ብለሽ አንብበሽ መውረድ ነው።»

እስከዳር ግን አባቷን ተከትላ ወጣች። ከቤቱ ጀርባ፣ ከእድር የመጣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«አባዬ፣ ተናደድክ?»

«አልተናደድኩም። ያ ወረቀት ላይ ያለው ሰውዬ ግን አባቴን አይመስለኝም። አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አባባ የገና በዓል ሊደርስ ሲል ሄደው፣ ፋሲካም አልፎ፣ ክረምቱም ወጥቶ ለመስቀል መጡ። እኔ ደጅ እጫወታለሁ። አንድ አቧራ የለበሰ ሰውዬ ሻንጣ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ሮጬ ገባሁና ‹እማዬ፣ እንግዳ መጥቷል!› አልኳት።»

«አላወቅካቸውም?»

«ከየት አውቄ! ሻንጣቸውን እዚያው ጥለው ተመለሱ። ተከትዬ ብወጣ፣ የጭነት መኪናቸው ውስጥ ገብተው መሪውን ተደግፈው ያለቅሳሉ።»

«ከዚያ መንገዱን ተዉት?»

ሐብታሙ ሳቅ አለ። «የት ይተዋሉ! በሳምንቱ አሰብ ወረዱ። ያን ሁሉ ልጅ ምን ያብሉት? ግን ከዚያ ወዲህ በመጡ ቁጥር በር ላይ ቆመው ‹ማን መጣ?› ይሉኛል። ‹አባባ!› ካላልኩ አይገቡም። ጢም አብቅዬም፣ አንቺ ከተወለድሽ በኋላም አልተዉኝም።» ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ።

«ይህን ነገ ልናገረው?»

«የምታነቢው አንቺ ነሽ» አለና ወንበሩን ተሸክሞ ወደ ድንኳኑ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት እስከዳር ጋሼ ስጦታውን ድንኳኑ ውስጥ ብቻቸውን አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ያችን ዐረፍተ ነገር ማንበብ አልችልም። በእሷ ፋንታ አባዬ የነገረኝን ልናገር። አባባን እንግዳ ናቸው ያለ ጊዜ የሆነውን።»

ይቆጡኛል ብላ ነበር። እሳቸው ግን ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ያን ቀን ሻንጣውን ያስገባሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ከዚያ በኋላም ሁልጊዜ የምቀበላቸው እኔ ነበርኩ። ‹ማን መጣ?› የሚሉት ግን በትከሻዬ ላይ አሻግረው ለሐብታሙ ነው። እኔን አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። ጎረምሳ ስለነበርኩ የማውቃቸው መሰላቸው።»

«ታዲያ ለምን እንዲህ ብለው ጻፉት?» አለች እስከዳር።

«እንዲህ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ሌላ ምን አለው?»

ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ደጁ በሰላምታና በለቅሶ ተሞላ።

«እስኩ፣ የሞጣ ሰዎች ገቡ! ማይኩም ተዘጋጅቷል!» ብላ አርሴማ ተጣራች።

እስከዳር እስክሪብቶ አውጥታ መስመሩን ሰረዘችው። ከዚያ አንድ ወንበር ስባ ከአጎቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አባባ መንገድ ላይ ሲሆኑ፣ በዓል ቤታችን እንዴት ነበር? በጉን የሚገዛው ማን ነበር?»

ጋሼ ስጦታው ወደ ድንኳኑ በር፣ ከዚያም ወደ እሷ አዩ። «ሰዎቹ ይጠብቁሻል እኮ፣ ልጄ።»

«ትንሽ ይጠብቁ» አለች እስከዳር፣ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ በባዶው ገጽ ገልብጣ።