ነጋዴው ያልመከረው ስካነር

የፖሊስ ሻምበል ሩዋይዳ ስትደርስ ሬሳው ተነሥቶ ነበር። መኪናው ግን እንደወደቀ ነው። አፍንጫው መሬት ነክሷል፤ የኋላው ከግቢው ግንብ ጋር ተላትሟል። ክሪኩ በጎኑ ተጋድሟል። የሞተር ኦሊዮ የሚጠራቀምበት ሳፋ ተገልብጦ ጥቁሩ ፈሳሽ በተዳፋቱ ቁልቁል ወርዷል፤ የውጭው በር ደፍ ሥር ደርሶ ቆሟል። ከሸለቆው የሚወጣው ጭጋግ የሰልጥ ከተማን ቢጫ የድንጋይ ቤቶች አንድ በአንድ እየዋጠ ነበር።

ሟቹ ሐክመት ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ጉልበቱ ስለሚያመው የዓርብ ሶላትን የሚሰግደው እቤቱ ነበር። ከመኪና ሥር ለመግባት ግን ያው ጉልበት እንቢ ብሎት አያውቅም፤ ሰፈሩ በዚህ ሲስቅበት ኖሯል። ዛሬ ወንዱ ሁሉ መስጊድ ሳለ መኪናው ደረቱ ላይ ወረደበት።

«የእጅ ፍሬኑን ረስቶ ይሆናላ፣ ሻምበል» አለ ረዳቷ ሃምሳ አለቃ ሺብሊ። «ሽማግሌ አይደል።»

«ድንጋዩስ?»

«የቱ ድንጋይ?»

«አንተ የሰልጥ ልጅ አይደለህም እንዴ?»

ሺብሊ አፈረ። በዚህች ተራራ ላይ በተንጠለጠለች ከተማ የኋላ ጎማውን በድንጋይ ሳያስደግፍ ከመኪና ሥር የሚገባ የለም። ሩዋይዳ ግንቡን ተከትላ ሄደች። ድንጋዩ ከሎሚው ዛፍ ሥር ተቀምጧል። አንድ ፊቱ በጎማ ጠቁሯል። አንሥታ አየችው፤ ከሥሩ የተጨፈለቁት ቅጠሎች ገና አረንጓዴ ነበሩ።

«ዛሬ የተነሣ ድንጋይ ነው» አለች። «ሰውየው ደግሞ ራሱ አንሥቶት ከመኪናው ሥር አይተኛም።»

የሾፌሩን በር ከፈተች። ከመሪው ሥር አንዲት ቀይ ስካነር ተሰክታ ተንጠልጥላለች፤ መዳፍ የምታህል፣ የሞተርን ብልሽት ብቻ የምታነብ ርካሽ ዕቃ። የመስታወቷ ፕላስቲክ እንኳ አልተላጠም። ገመዷ ከፋብሪካ እንደታጠፈ ነው። ሩዋይዳ ወደ ብርሃን አዞረቻት።

«የሟቹ እጅ እንዴት ነበር?»

«እስከ ክርኑ ኦሊዮ።»

ስካነሯ ላይ ግን አንድም የጠቆረ ጣት አላረፈባትም።

ከበሩ ውጭ የሐክመት ዘመዶች ተሰብስበዋል። ወጣቶቹ ግንብ ተደግፈው የመንገዱን ማዶ ያያሉ። ፊት ለፊት ካለው ቤት አንዲት ሴት ድስትና ብርድ ልብስ እያወጣች ጭነት መኪና ላይ ትጭናለች፤ ሦስት ልጆች ከጎማው አጠገብ ቆመው ያዩዋታል። የዐውኒ ሚስት ናት። ዐውኒ ደግሞ የሟቹ ሚስት የሱሃይር ወንድም ነው።

የዘመዶቹ አለቃ ሐጅ መትዐብ በከዘራቸው መሬቱን እየነኩ ቀረቡ።

«ልጄ፣ ገዳዩ ታውቋል። ሥርዓቱን ታውቂዋለሽ። ዕርቅ እስኪወርድ የገዳይ ቤተሰብ ሰፈሩን ይለቃል፤ ደመኛችን ፊት ለፊታችን አያድርም። ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ እስከ መግሪብ ሰጥተናቸዋል።»

«ዐውኒ መሆኑን ማን ነገረዎት፣ ሐጂ?»

«እኅቱ።»

«ከመግሪብ በኋላስ?»

ሽማግሌው ወደ ወጣቶቹ አዩ። «ከዚያ በኋላ እነዚህን ልይዛቸው አልችልም።»

ሱሃይር ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። እሳቱ የጠፋበት ድስት ምድጃው ላይ እንዳለ ነው።

«‹የገደለው ወንድሜ ነው› ብለሻል፣ እኅቴ?»

«እንደሱ አላልኩም። ‹ያ ሳቲር› ሲባል አልሰማሁም ነው ያልኩት።»

መስኮቱ ወደ ግቢው ይከፈታል። ባዕድ ወንድ በሩን ሲያልፍ ‹ያ ሳቲር› ብሎ ይጣራል፣ ሴቶቹ ይሸፈናሉ፣ ከዚያ ይገባል። ሳይጣራ መግባት የሚችል ወንድ ለሱሃይር አንድ ብቻ ነበራት።

«ጎረቤታችን ነዝሚም ሐጂም ሳይጣሩ አይገቡም። ዐውኒ ብቻ ነው። ጠየቁኝ፣ እውነቱን ተናገርኩ። ምን ላድርግ?»

«ዐውኒ ሲመጣ መጀመሪያ የት ይሄዳል?»

«ወደዚህ ነዋ። የድስት ክዳን ይከፍታል። ‹ዛሬም ምስር? ይሄን ሰውዬ ልትገድዪው ነው› ይለኛል።» ቃሉ ካመለጣት በኋላ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሩዋይዳ ወደ ድስቱ አየች። «ዛሬ ክዳኑን የከፈተ ሰው ነበር?»

«የለም።»

«ትናንት ባልሽና ዐውኒ ተጣልተው ነበር አሉ። ለምን?»

«የሚጮኸው ሐክመት ነው። ‹ሞኝ አይደለሁም!› ይላል። በምን እንደሆነ ሁለቱም አልነገሩኝ። ባሌ እራቱን ሳይበላ ተኛ።»

«ቀዩን ስካነር መቼ ነው የገዛው?»

«የምን ቀይ?» ሱሃይር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «የሱ ጥቁር ነው፤ ትልቅ፣ እንደ ሕፃን ታቅፎት የሚዞረው። ክረምቱን ሙሉ የቱን ልግዛ እያለ ሲመርጥ ነው የከረመው። ‹እኔን ስታገባ እንኳ እንዲህ አልመረጥክም› እለው ነበር። ነዝሚ ‹ትንሿ ትበቃሃለች፣ ለቤት ትልቅ ምን ያደርግልሃል› እያለ ሲከለክለው ዐውኒ ጥቁሩን ከዘርቃ ከተማ አመጣለት።»

ነዝሚ የመንገዱ ጥግ ላይ መለዋወጫና ያገለገሉ መኪናዎች ይሸጣል። የሐክመትን መኪና የሸጠው እሱ ነው፤ የሰፈሩን እኩሌታም እንዲሁ። ለሩዋይዳ ሻይ አቀረበ። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ስንቴ ነገርኩት፣ ሻምበል! ‹ኡስታዝ፣ አንተ ካርታህን አስተምር፣ ጎማ መፍታቱን ለኛ ተወው› እለዋለሁ። ይስቃል እንጂ መች ይሰማል?»

«ስካነሩን ከእርስዎ ነው የገዛው?»

«ቀይዋን? አዎ። እቤቱ ለሚነካካ ሰው በቂ ናት።»

«ነጋዴ ትልቁን ግዙልኝ አይልም?»

«ጓደኛዬ ነዋ! ከጓደኛ ላይ ትርፍ አልበላም።»

«ምን የሆነ ይመስልዎታል?»

«አደጋ ነው። ማንም ላይ ጣቴን አልቀስርም፣ ዐውኒም ላይ ቢሆን። የኋላውን ፍሬን ከፍቶ ሸራ ሊቀይር ሲል መኪናው ተንሸራተተበት። አላህ ይማረው።»

«አላህ ይማረው» አለችና ሻዩን ሳትቀምስ ተነሣች።

መንገድ ላይ ሺብሊ እያለከለከ አገኛት።

«ሻምበል፣ የትራፊክ ፖሊሱ መካኒክ አሁን የኋላ ጎማዎቹን አወለቀ። ፍሬኑ መለቀቅ ብቻ አይደለም፣ እስከ ጥግ ተከፍቷል። ያለቀ የፍሬን ሸራ ሲቀየር የሚከፈተውን ያህል። እዚህ መኪና ላይ ይህን የሚያደርግ ቁልፍ የለም፣ በትልቅ ስካነር ይታዘዛል እንጂ አለ። ቀይዋ አትችልም።»

«ለማን ነገርክ?»

«ለእርስዎ ብቻ።»

ሩዋይዳ ዞር ብላ የነዝሚን ሱቅ አየች። ጭጋጉ ምልክቱን ሸፍኖት በሩ ብቻ ጥቁር ሆኖ ይታይ ነበር። ሺብሊን የዐቃቤ ሕጉን ፈቃድ ይዞ ሱቁን እንዲፈትሽ ላከችው።

አስቀድሞ የተያዘው ዐውኒ ከፖሊስ መኪናው የኋላ ወንበር ሆኖ ሚስቱን ይመለከታል። የተማሪዎች አውቶቡስ ሹፌር ነው። በሶላት ሰዓት አውቶቡሱ ውስጥ ተኝቼ ነበር ብሏል፤ ያየው ሰው ግን የለም።

«በምን ተጣላችሁ?»

«አልናገርም።»

«ልጆችህ እኮ መንገድ ላይ ናቸው።»

«አያቸዋለሁ።» ዓይኑን ከልጆቹ ላይ አላነሣም። «ብናገር እናታቸው ሚስቴ አትሆንም። ሐክመት በፍቺ አስምሎኛል።»

ሩዋይዳ አጠገቡ ገብታ በሩን ዘጋች። ለሞተ ሰው የገባውን መሐላ እንዲያፈርስ አልለመነችውም።

«እንግዲያው አልጠይቅህም። እኔ እናገራለሁ። ከተሳሳትኩ አርመኝ፤ ካልተሳሳትኩ ዝም በል።»

ዝም አለ።

«ቀይዋ የምታየው ሞተሩን ብቻ ነው። ጥቁሩ የፍሬኑንም ኮምፒዩተር ያነባል። እሱ ደግሞ መኪናው የሄደውን ኪሎ ሜትር ለብቻው ይይዛል።»

ዝም።

«ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቁጥርና ፍሬኑ ውስጥ ያለው ቁጥር አልተገናኙም። አንድ ሰው የመኪናውን ዕድሜ ወደ ኋላ መልሶ ሸጦለታል። አንተ ‹ተሞኝተሃል› አልከው፤ እሱ ጮኸብህ። በኋላ ግን አመነህ። ሰፈሩ ሳይስቅበት ከሻጩ ጋር ራሱ ሊነጋገር ፈልጎ አንተን አስማለህ።»

ዐውኒ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አሳረፈ። እንባው አገጩ ድረስ ወረደ። አንድም ቃል አላረመም።

ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሐጅ መትዐብ ወንበር ተሰጣቸው። ሱሃይር በወጥ ቤቱ በር ቆመች። ዐውኒ ከአንድ ፖሊስ ጋር ከሎሚው ዛፍ ሥር ነው። ነዝሚ እጆቹን ካፖርቱ ኪስ ከትቷል። ብርሃኑ እየሳሳ ነበር።

«ሐጂ፣ ዛሬ ነዝሚ የት ሰገደ?»

«ዘግይቶ መጣ። ቦታ አጥቶ ከጫማው መሀል ሰገደ።»

«ጭጋግ ነበረ!» አለ ነዝሚ። «ማን ያልዘገየ አለ?»

«ልጀምር» አለች ሩዋይዳ። «ድንጋዩን ከጎማው ሥር ሰው አንሥቶታል። ስለዚህ አደጋ አይደለም። የኋላ ፍሬኑ እስከ ጥግ ተከፍቷል፤ ይህን የሚያደርግ ትልቅ ስካነር ብቻ ነው። እዚህ የተገኘችው ግን ቀይዋ ናት። እጁ እስከ ክርኑ የጠቆረ ሰው አልነካትም፤ እሱ ከሞተ በኋላ የተሰካች ናት። ትልቁን ማን ወሰደው? ዐውኒ ቢሆን ምን አደከመው? ራሱ ያመጣለት ዕቃ ነው፤ እዚያው ቢተወው ማን ይጠረጥረዋል? የወሰደው በውስጡ ያለው ቁጥር የሚያሳፍረው ሰው ነው።»

«ታዲያ ‹ያ ሳቲር› ያላለው ለምንድነው?» አሉ ሐጂ።

«ሊለምን የመጣ ሰው ሴቶች እንዲሰሙት አይፈልግም። ሐክመት ጠርቶት ነው የመጣው፤ ቀስ ብሎ ገባ። ዐውኒ ግን እንግዳ አይደለም፤ ቢመጣ ኖሮ መጀመሪያ ወጥ ቤት ይገባ ነበር። ዛሬ ወጥ ቤት የገባ የለም።»

ሱሃይር የበሩን ጉበን ያዘች።

«አቶ ነዝሚ፣ ‹የኋላውን ፍሬን ከፍቶ ሸራ ሊቀይር ሲል› ብለውኛል። ያን ሲሉኝ ጎማዎቹ ገና አልወለቁም ነበር። መከፈቱን እኔም መካኒኩም አናውቅም ነበር። እዚህ ቤት አዲስ ሸራ የለም። ሐክመት የተኛው ከፊት፣ ከሞተሩ ሥር፣ ኦሊዮ ሊቀይር ነው። ፍሬኑ መከፈቱን የሚያውቀው ማነው? የከፈተው።»

«ግምቴን ነው የተናገርኩት!»

ሺብሊ ጥቁሩን ስካነር በፕላስቲክ ከረጢት አንጠልጥሎ ገባ። ከነዝሚ ሱቅ፣ ከአሮጌ ባትሪዎች ጀርባ ነው የተገኘው።

«እንዲህ ያለው ስንት አለኝ!» አለ ነዝሚ።

«የነካው ጣት ግን የሐክመት ነው፤ ኦሊዮው አለበት» አለች ሩዋይዳ። በጓንት ይዛ ከፈተችው። «መጨረሻ የተሰካበትን መኪና የሻንሲ ቁጥር ይይዛል። ሐጂ፣ ያንብቡልኝና ከዚህ መኪና ጋር ያስተያዩት። ከሥሩ ያለው መጨረሻ የተሰጠው ትእዛዝ ነው፤ የኋላ ፍሬን ክፈት ይላል።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውጥተው አንድ በአንድ አስተያዩ። ሲጨርሱ ከነዝሚ አጠገብ የነበረውን ወንበራቸውን ፈቀቅ አደረጉ።

ነዝሚ ተንበረከከ። «‹ካንተ ለገዙ ሁሉ እነግራቸዋለሁ› አለኝ። ከመኪናው ሥር ሆኖ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ ኦሊዮውን እያፈሰሰ። ‹ቁጥሩን ራስህ እይ፣ መሣሪያው ተሰክቷል› አለኝ። ገብቼ አየሁ...»

ሌላው አልተሰማም። ወጣቶቹ በሩን ገፍተው ሲገቡ ፖሊሶች ነዝሚን በመሀላቸው አስገብተው አወጡት።

ዐውኒ ተፈታ። ዕቃው ከጭነት መኪናው ወረደ። መኪናው ግን ወደ መጣበት አልተመለሰም። ሾፌሩ አንድም ሰው ሳያዘው አዞረና የነዝሚ ቤት በር ላይ አቆመ። የነዝሚ ሚስት ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ወጣች። ነገሩ ገብቷታል፤ አልጠየቀችም። ወጣቶቹ ፍራሽ ይዘው ይጭኑላት ጀመር።

«ሐጂ፣ እነዚህ ምን አደረጉ?» አለች ሩዋይዳ።

«ሥርዓቱን እኔ አላወጣሁትም፣ ልጄ።»

ሱሃይር ከግቢዋ ወጣች። መንገዱን ተሻግራ ከጭነት መኪናው ላይ አንዱን ፍራሽ ጎትታ አወረደች።

«ሱሃይር፣ ቤትሽ ግቢ! ይህ የወንዶች ነገር ነው።»

«የሞተው የማን ባል ነው፣ ሐጂ?» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ዛሬ እውነት ተናግሬ ወንድሜን ከነልጆቹ ላስወጣ ነበር። ሁለተኛ በኔ ስም ማንም አይወጣም።»

ፍራሹ ከበዳት። መሬት ለመሬት እየጎተተች ወደ ነዝሚ በር አመራች። ወጣቶቹ አላገዟትም፣ አላስቆሟትምም፤ ሐጅ መትዐብን ያያሉ። ሐጅ መትዐብ ከዘራቸውን ያያሉ። ዐውኒ መጥቶ የፍራሹን ሌላ ጫፍ አነሣ። እኅትና ወንድም እርስ በርስ ሳይተያዩ ደፉን አልፈው ገቡ፤ ሁለተኛውን ሊያመጡም ተመለሱ።