ማታሎአ ሐሳቧን የተጠየቀችበት ቀን

በነጮቹ አቆጣጠር በ1954፣ ኒውዚላንዶች ገና ሳሞአን ሲያስተዳድሩ፣ የዝናቡ ወራት ሊያበቃ ሲል፣ ከዋናው ከተማ ከአፒያ የመጣው ጀልባ ማታሎአ ወደብ ላይ አንድ ቀጭን ሰውዬ አራገፈ፤ ሚስተር ክሮዘር ይባላል፤ ብብቱ ስር የተጠቀለለ ካርታ ሸጉጧል። የመጣው የከተማችንን የሠላሳ ዓመት እቅድ ሊያወጣ ነው፤ ግን በዚያ ሰሞን ከላይ ትእዛዝ ወርዶ ነበርና መጀመሪያ ነዋሪው ይጠየቅ ተብሏል። ይጠየቅ! ለሠላሳ ዓመት ቀርቶ ለነገ እንኳን ማንም ጠይቆን አያውቅም።

ካርታው ላይ አዲስ የኮፕራ፣ ማለትም የደረቀ የኮኮናት ሥጋ፣ መጋዘን አለ። የት ተሳለ ብትል፣ ምንጩ ላይ፤ ልክ አናቱ ላይ።

ያንን ምንጭ የሚጠብቀው የሴቶቹ ማኅበር ነው። አለቃዋ ወይዘሮ ፉአቲኖ ዙሪያውን ድንጋይ ያስከበበች፣ እግሩን ሊታጠብበት የገባን ጎረምሳ በእርጥብ ጨርቅ እየገረፈች የምታስወጣ ሴት ነበረች። ምንጩ ከተደፈነ ደህና ውሃ ያለው ከኮረብታው ወዲያ ነው፤ የሚሸከሙትም ያው ሴቶቹ ናቸው። ወንዱማ ሥራው ንግግር ነው።

ክሮዘር ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲያጠፋም በትሕትና ነው የሚያጠፋው። በአስተርጓሚው በኤርነስት፣ በኛው በወይዘሮ ማሊአ ልጅ በኩል እንዲህ አለ፦

«መጋዘኑን ወደ ምዕራብ ማዞር ይቻላል። ከተማው አይሆንም ይበለኝ፤ አሁኑኑ በእርሳስ አዞረዋለሁ። ግን ባሕሩ ሳይሸሽ መሄድ አለብኝ፤ አለዚያ ጀልባው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። እቅዱ ደግሞ ነገ አፒያ ላይ ይጸድቃል።»

አይሆንም። አለቀ። አፉን ያልፈታ ሕፃን እንኳ የሚለው ነገር ነው። ግን እኛ ዘንድ እንግዳ ፊት ዝም ብሎ አይወራም፤ መጀመሪያ ማን እንደሚያወራ ይወራል።

የእንግዳ መቀበያው መጠጥ፣ ካቫው፣ ተጠጥቶ ሲያበቃ ሁለቱ አፈ ቀላጤዎች ረጃጅም ዱላቸውን ተመርኩዘው፣ ጭራቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሜዳው መሐል ቆሙ። አንዱ ክቡር ሳፖሉ፣ የፉአቲኖ ታላቅ ወንድም፤ ሌላው ክቡር ቴኦ፣ ባላንጣው።

«ክቡር ቴኦ፣ ቀኑ የእርስዎ ነው፤ ይናገሩ እንጂ።»

«እኔ? እርስዎ እያሉ? አባቶችዎ ውቅያኖስ ሲቀዝፉ የኔዎቹ ገና መዋኘት አልተማሩም።»

«ታዲያ ይልቀቁልኛ።»

«እለቅ ነበር፤ ባለፈው ሐኪሙ ሲመጣ የተናገሩት እርስዎ ባይሆኑ።»

«እሱማ ጥርስዎን አሞዎት ስለነበር ነው!»

«ጥርሴ ድኗል።»

ሰዉ ሳቀ። ክሮዘርም ምን እንደተባለ ሳይገባው ሳቀ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፤ አለፈችም፤ እነሱ ገና አያቶቻቸውን እየጠሩ ነው። በቀላሉ የለቀቀ ሰው እስከ የልጅ ልጁ ድረስ ይሰደብበታላ!

ፉአቲኖ ሜዳው ዳር ካለው፣ እንደ ቤቶቻችን ሁሉ ግድግዳ ከሌለው ቤት ምሰሶ ጀርባ ሆና አላስችላት አለ።

«ወንድም ጋሼ! ልቀቅለት!»

«አንቺ ደግሞ! አባታችን ለቴኦ አባት መቼ ለቆ ያውቃል?»

«አባታችን የሞተውስ በምን ሆነና! ዝናብ ላይ ቆሞ ሲከራከር አይደል?»

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ቴኦም ቢናገር ያው ምንጩን ነው የሚለው።»

«ይለዋል፤ አሳምሮ ግን አይለውም።»

እንግዲህ ይኸን ሰው ምን ትለዋለህ? ትታው ዞራ ኤርነስት ጋ ሄደች።

«አንተ የማሊአ ልጅ፣ ንገረው። ምንጩ ላይ አትሥራ በለው።»

ኤርነስት እየፈራ በሹክሹክታ ነገረው። ክሮዘር እርሳሱን አነሣ፤ በእግዜር፣ አንሥቶት ነበር!

«ከተማው የመረጣት ተናጋሪ እሷ ናት?»

«አይ… አይደለችም።»

እርሳሱን መልሶ አስቀመጠ። «እንግዲያው ነውር ይሆንብኛል። ከመምጣቴ በፊት ባህላችሁን አጥንቻለሁ፤ የከተማ ድምፅ የተናጋሪው ድምፅ ነው። እኔ አልጥሰውም።»

«ይጣሰው!» አለች ፉአቲኖ። «እኔ ፈቅጄለታለሁ በለው!»

«እትዬ፣ ይኼን ከተረጎምኩማ የቤታችን አሳማ ሁሉ ለቅጣት ይታረዳል።»

ጀልባው ጮኸ። ያኔ ነው ቴኦ የተነፈሰው፦

«ክቡር ሳፖሉ፣ ለዕድሜዎ ስል ለቅቄያለሁ።»

«ለዕድሜዬ? ሊሞት ነው ማለትዎ ነው?»

«ኧረ ይናገሩ!» ብሎ ሜዳው በሙሉ ጮኸ።

ሳፖሉ ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ። ተራራውን ሰላም አለ፤ ነፋሶቹን በየስማቸው ጠራ፤ የየመንደሩን ማዕረግ ከታላቁ እስከ ታናሹ አነሣ፤ አንዱን ቢዘል ጠብ ነዋ። «ምንጩን! ምንጩን በል!» ትላለች ፉአቲኖ ከኋላ፤ እሱ ገና ሦስተኛው መንደር ላይ ነው። ጀልባው ደግሞ ጮኸ። ክሮዘር ተነሣ፤ እጅ ነሣ፤ የሁሉንም እጅ ጨበጠና ካርታውን ጠቅልሎ ሄደ። ሳፖሉ አላቋረጠም፤ የተጀመረ ንግግር ማቋረጥ ውርደት ነው። «ይህ ምንጭ የእናቶቻችን ዓይን ነው፤ ዓይንን አይደፍኑትም» ሲል ጀልባው ማዕበሉን ሰብሮ ወጥቶ፣ ባሕሩ ላይ የኮኮናት ቅርፊት አክሎ ነበር። ሰው አለቀሰ። ቴኦ ራሱ በጭራው እንባውን ጠረገ።

ፉአቲኖ አላለቀሰችም። ሄዳ ምንጩ ዳር ተቀመጠች፤ ማንም ተከትሏት አልሄደም፤ ሰው ሁሉ ሳፖሉን ሊያመሰግን ተሰልፎ ነበር።

መጋዘኑ በዓመቱ ተሠራ። የክሮዘር ሪፖርት «ነዋሪዎቹ በባህላቸው መሠረት ሐሳባቸውን ተጠይቀዋል፤ ተቃውሞ አልቀረበም» ይላል፤ እውነቱን ነው። ማታሎአም በበኩሏ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ያለ ንግግር አልተሰማም ትላለች፤ ልጆቻችን እስከ ዛሬ በቃላቸው ያነበንቡታል፤ እሷም እውነቷን ነው። ታሪክ ሁለቱን ሰዎች፣ ክሮዘርንና ሳፖሉን፣ አክብሮ አስቀመጠ። በሰዓቱ፣ ለሚመለከተው ሰው፣ በአጭሩ የተናገረችውን ሴት ግን የጻፈም የሸመደደም የለም፤ ከኮረብታው ወዲያ ውሃ ስትቀዳ አርጅታ ሞተች። በቀብሯ ላይ የተናገረው ሳፖሉ ነበር፤ አሳምሮ ተናገረ አሉ።