ቤት መኪናዋ ዝም ያለችበት ሌሊት

አንዳርጌ ሞቶ የተገኘው አልጋው ላይ እንደተጋደመ፣ ከንፈሩ እንደ ጤነኛ ሰው ቀልቶ ነው። በዚያ በሰባ ሰባቱ ረሃብ፣ ሱዳን ውስጥ ያለው የሾዋክ የስደተኞች ሰፈር ሬሳ ለምዶ ነበር፤ ይሄ ግን የጠገበ ሰው ሬሳ ሆነና ሁሉም ደነገጠ። ፈረንጆቹ ለክትባት ያመጧትን፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥንና የላምባ ፍሪጅ ያላትን ቤት መኪና የሚነዳው እሱ ነው። ክትባቱ እንዳይበላሽ ፍሪጁ ሌት ተቀን ስለሚነድ፣ የሚያድረውም እዚያው ውስጥ ነበር።

ጠዋት ሬሳውን ያገኘችው የክትባት ረዳት የመኪናዋን ረዳት አስፋውን ላከችው፤ እሱም ሾዋክ ከተማ ሮጦ ለፖሊስ ነገረ። የፖሊስ መኮንኑ ሙዘይንም ከሰፈሩ ታምሬን ይዞ በመኪና ቀድሞት ደረሰ። ታምሬ ጎንደር ሳለ መርማሪ ነበር፤ ስደተኛ ከሆነ ወዲህ ነገር በጠበቀ ቁጥር ሙዘይን እሱን ያስጠራል።

ታምሬ ከሙዘይን ጋር ጣራው ላይ ወጣ። ከፍሪጁ ጭስ ማውጫ፣ ከቆቡ ሥር፣ የተወተፈ ጨርቅ መዘዘና ጉያው ሸሸገው። ማታ ሃቡብ የሚሉት የበረሃ ማዕበል አቧራውን ሲያመጣ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፤ ጭሱ መውጫ አጥቶ ሰውየውን በእንቅልፉ ገደለው።

«ኸላስ! አለቀ፣ መካኒኩ እንግዳው ነው» አለ ሙዘይን በሹክሹክታ፤ ወርዶም ካቴና አስገባለት።

እንግዳው የሚባለው ይህ ሰው የመኪናዋ መካኒክ ነው። መኪናዋ ከኸሽም ኤል ቂርባ ኮረኮንች መንገድ ስትመለስ ሁለመናዋ ይንኳኳ ስለነበር ኳኳታ ሲያሳድድ ሰንብቷል። እሱ ይነዳል፤ አስፋው ከኋላ ጆሮውን እንጨቱ ላይ ለጥፎ «እዚህ ነው፣ እዚያ ነው» ይለዋል፤ ከዚያ ቆመው ይወትፋሉ። እንግዳውና ሟቹ ደግሞ ያለምወርቅ በምትባለው በዚያችው የክትባት ረዳት ሳቢያ ዓይንና ናጫ ሆነዋል።

ታምሬ ካቴናውን ሲያይ ደስ አለው፤ ደስ ማለቱም አሳፈረው። እሱም ያለምወርቅን ይመኛታል፤ በሁለቱም ሲቀና ከርሟል። አንዱ ሞተ፣ ሌላው ይታሰራል። ዝም ቢል ማን ይጠይቀዋል?

ዝም ማለት ግን አልሆነለትም። መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ማጠፊያውን፣ መሳቢያውን፣ የአልጋውን እግር ፈተሸ። የተወተፈው ሁሉ የጎማ ካላማዳሪያ ቁራጭ ነው። እንግዳውን ለብቻው ጠራው።

«ጨርቅ አትወትፍም እንዴ?»

«ጨርቅማ አቧራው በልቶት ሳያድር ይላላል።»

«ቆቡንስ?»

«አልነካሁትም። ፍሪጁ እየነደደ እሱን መወተፍ ሰው መግደል ነው፤ ለአንዳርጌም ለአስፋውም ነግሬያቸዋለሁ።»

አስፋው ከሾዋክ ሲመለስ ታምሬ ሁሉንም መኪናዋ አጠገብ ሰበሰበ።

«ያለምወርቅ፣ ማታ በዚያ ንፋስ ምን ሰማሽ?»

«ምንም፣ ጋሼ። ያ የጣራው ቆብ ንፋስ በነካው ቁጥር እየተንኳኳ እዚህ አጠገብ ካለው ድንኳኔ ድረስ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር፤ ማታ ዝም ሲል የእንግዳው እጁ ይባረክ ብዬ ተኛሁ።»

«አስፋው፣ አንተስ?»

«እኔማ የማድረው ከመኪናዋ ሥር አይደል? ቆቡ እስኪነጋ ሲንኳኳ ዓይኔን አልከደንኩም።»

ታምሬ ጨርቁን ከጉያው አወጣ። ጣራው ላይ ወጥቶ እንደነበረው ወተፈና ቆቡን በእጁ ነቀነቀው። ድምፅ የለም።

«ይሄ ጨርቅ ያደረው እዚህ ነው። ሲወተፍ ቆቡ እንደማይንኳኳ አያችሁ» አለ። «ያለምወርቅ ስለ ጨርቁ የምታውቀው የለም፣ የሰማችውን ተናገረች። እንግዳው ጨርቅ ይንቃል። ኳኳታውን ለማጥፋት የወተፈ ሰው ዝም አሰኘሁት ብሎ ይመካል። ለመግደል የወተፈ ግን ሲንኳኳ አደረ ይላል፣ ማንም ጭስ ማውጫው ተደፍኖ ነበር ብሎ እንዳይጠረጥር። ጠዋት ሊያወጣው አስቦ ነበር፤ ያለምወርቅ ቀድማ ሬሳውን አገኘችና ለፖሊስ ላከችው። አይደለም፣ አስፋው?»

አስፋው ወደ መኪናዋ ጎማ አመለከተ።

«አንዳርጌን መንዳት ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አለ። «እሱ አልጋ ላይ፣ እኔ ከጎማ ሥር! ታሞ የመኪናዋ ቁልፍ ለኔ ይድረሰኝ ብዬ እንጂ…»

ሙዘይን ካቴናውን ከእንግዳው ፈቶ ለእሱ አደረገለት። ያለምወርቅ እያለቀሰች እንግዳው አንገት ላይ ተጠመጠመች። ታምሬ ማየት አቅቶት ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። እሷ ግን መጥታ ጉልበቱን ሳመችው።

«ጋሼ፣ ከአገር ስንወጣ አባቴ መንገድ ላይ ሞቶ መቅረቱን ያውቃሉ። ይሄ ሐዘን ሲያልፍ፣ እርስዎ አባት ሆነው ለእንግዳው ይዳሩኝ።»

ታምሬ ከጉልበቱ ላይ አነሳት። ሰው ሁሉ ያየዋል።

«እሺ፣ ልጄ» አላት።