የሁለቱ ወንድማማቾች እርቅ

የሰፈሩ ሽማግሌ በመሰብሰቢያው አዳራሽ ደረጃ ግርጌ ወድቀው የተገኙት ማለዳ ላይ ነበር። ማጅራታቸው ተሰንጥቋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስንቱን ጎረቤት፣ ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁ ሰው ነበሩ።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አየች። የኮታቸው ቁልፍ ከነክሩ ተነቅሏል። በአውራ ጣታቸው ላይ ሐምራዊ የማኅተም ቀለም አለ። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ሬሳ ስታይ ምንም አይሰማትም፤ ዓይኗ ብቻ ይሠራል።

«ወንድማማቾቹ ናቸው» አለ የአዳራሹ ጥበቃ ሳይጠየቅ። «አናጢውና ሹፌሩ። በአባታቸው ቤት ውርስ ሲነታረኩ ስድስት ወራቸው። ትናንት ከሰዓትም እዚሁ ነበሩ።»

ሁለቱንም በአናጢው ሱቅ አገኘቻቸው። አውራ ጣታቸው ሐምራዊ ነው።

«ፈረማችሁ?»

«ታረቅን» አለ ሹፌሩ፣ ዓይኑ ቀልቶ። «አሮጌው ቤት ይፈርስና ግቢውን ለሁለት እንካፈላለን። ሽማግሌው እስከ እሁድ ትንፍሽ እንዳትሉ ብለውን ነበር።»

ታላቅ እህታቸው እናት አባታቸውን አስታማ የቀበረች፣ በዚያው ቤት የቀረች ሴት ናት። መርማሪዋ ስትገባ ስኒዎች በጋዜጣ እየጠቀለለች ካርቶን ውስጥ ትደረድር ነበር።

«መንገድ አለ እንዴ?»

«ቤቱ ይፈርስ የለ» አለች ቀና ሳትል።

«ሽማግሌውን መቼ አዩዋቸው?»

«ካየኋቸው ወር አለፈኝ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ቁልፉ የተነቀለው ኮታቸውን ጨምድዶ በያዘ ሰው ነው» አለች። «ቀለሙ ደግሞ እርቁ ማለቁን ይናገራል፤ የፈለጉትን ያገኙ ወንድማማቾች አስታራቂያቸውን ምን ብለው ይገድላሉ? ለመሆኑ፣ ቤቱ እንደሚፈርስ ለእህታችሁ ነገራችኋት?»

«ኧረ እኛ አልነገርንም!» አለ አናጢው። «ሽማግሌው እኔ ራሴ እነግራታለሁ ብለውን...» ወደ እህቱ ዞረ።

«ነገሯት። ትናንት፣ እናንተ ከወጣችሁ በኋላ። እህታችሁ ግን ቤቱ ይፈርሳል ብላ ዕቃ እየሸከፈች፣ ሽማግሌውን ካየኋቸው ወር አለፈኝ ብላኛለች።»

ሴትዮዋ አላለቀሰችም።

«ወንድሞችሽ ታረቁልሽ፣ ደስ ይበልሽ አሉኝ። እኔስ የት ልግባ? ስላቸው፣ አንዳቸው ጋ ትጠጊያለሽ አሉ። እዚህ ደረጃው አናት ላይ ኮታቸውን ያዝኩ። ሊያስለቅቁኝ ሲታገሉ ገፋኋቸው።»

«እትዬ» አለ አናጢው ድምፁ ተሰብሮ፣ «ለእኛ ብትነግሪን ምን ነበረበት?»

«ስድስት ወር ስትሸማገሉ ማን ጠራኝ?»

መርማሪዋ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና ደብተሯን ገለጠች።

«ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካከለች።

«እናቴ አልጋ ላይ የዋለች ዓመት...» ብላ ጀመረች።