ውዱእ የማያበላሽ እጅ

አብደላ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ክረምቱን ሙሉ ሊሙ ገነት አጎቱ ዘንድ ከርሞ ወደ ትምህርት ቤት የተመለሰው ገና ዛሬ ነው። ቁመቱ ጨምሯል፣ ድምፁም ጎርንኗል። ፋሂም በጣም ናፍቆት ነበር። ሁለቱም እጆቹ ግን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ናቸው፤ ሊያወጣቸው አልደፈረም።

«አካም ፋሂሜ?» አለ አብደላ።

«አለሁ። ሰላም ነህ?»

የተዘረጋው እጅ ትንሽ አየር ላይ ቆየና ወደ ባለቤቱ ጸጉር ሄደ። አብደላ ያላፈረ ለመምሰል ራሱን አከከ። «ማል ታቴ? ምን ሆነሃል? አንደኛ ስለወጣህ ኮራህብን እንዴ? ሼም ነው፣ ብሮ» አለና የክፍላቸው ልጆች እነኩመራ ወደሚጫወቱበት ሜዳ ሄደ። ፋሂም ሊጠራው አፉን ከፈተ፣ ግን ጠርቶት ምን ይለዋል?

ጅማ ውስጥ ሰላምታ ቀላል ነገር አይደለም። እጅ ይጨበጣል፤ ከዚያ አንዱ የሌላውን እጅ ሊስም ይስባል፣ ሌላውም ይስባል፣ ሰው ሁሉ ከመስጊድ ደጃፍ እስከ ሱቅ በር ድረስ በአክብሮት ይጓተታል። እጁን የሰሰተ ልጅ ወይ ኩራተኛ ነው ወይ አሳዳጊ የበደለው። ፋሂም በአሥራ አምስት ዓመቱ ሁለቱንም ስም አግኝቷል።

እውነቱ ሌላ ነው። የፋሂም እጅ ከጨበጠ አይለቅም። ልቀቅ ብሎ ያዘዋል፣ ጣቶቹ ግን አይሰሙትም፤ በራሳቸው ጊዜ እስኪላሉ መጠበቅ አለበት። ሰኔ ላይ ርዕሰ መምህሩ ሽልማት ሰጥተው ሲጨብጡት እንደዚያው ሆነ። እሳቸው እጃቸውን ሲስቡ እሱም አብሮ ተሳበ። ተማሪው ቀልድ መስሎት በሳቅ ፈነዳ፣ ርዕሰ መምህሩ ደግሞ በጆሮው «ባለጌ» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጁ የኪስ እጅ ሆነ።

አባቱ ኡመይር፣ ቦሳ አዲስ በሚባለው ሰፈር የታወቀ ልብስ ሰፊ ነው። መጀመሪያ ቁርኣን አስቀራበት፣ ቀጥሎ ወጌሻ ዘንድ ወሰደው፣ በመጨረሻ ሆስፒታል ይዞት ሄደ። ዶክተር ትርፌ የምትባል ወጣት ሐኪም ጨብጥ፣ ልቀቅ፣ እንደገና ጨብጥ እያለች ብዙ ካሠራችው በኋላ ፊቷ በራ። ጂን አይደለም አለች፤ ማዮቶኒያ የሚባል የጡንቻ ሕመም ነው፣ አይገድልም፣ ጨብጦ መላቀቅ ሲደጋገም ይላላል፣ ሲያርፉ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ብዙ ሰው ላይ የማይታይ ስለሆነ ልታጠናው ትፈልጋለች።

«እስከ ዛሬ በመጽሐፍ ብቻ ነበር የማውቀው። በዓይኔ ሳይ አንተ የመጀመሪያዬ ነህ» አለችው።

ደስ ብሏት ነው የተናገረችው። ፋሂም ግን እንደዚያች ቀን ብቸኝነት ተሰምቶት አያውቅም። ስልኩ ላይ የሕመሙን ስም ሲፈልግ እጃቸውን እየጨበጡ የሚያሳዩ የውጭ አገር ሰዎች አገኘ፣ የጅማ ሰው ግን የለም። የአንዱን ቪዲዮ ድምፁን አጥፍቶ ደጋግሞ አየው።

ዶክተሯ ከቤተሰቡ እንዲህ የሚያደርገው ሌላ ሰው እንዳለ ጠይቃ ነበር። በአንድ ሰው ብቻ ጥናት አይጀመርም፤ አንድ ዘመድ ቢገኝ ግን ነገሩ ይቀየራል፣ በየወረዳው ያሉትንም መፈለግ ይቻላል። ኡመይር ንግግሯን ሳያስጨርሳት «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም» አለ። ወደ ቤት ሲመለሱ ፋሂምን ለማንም ትንፍሽ እንዳይል አስጠነቀቀው። የቡ ከተማ የምትኖረው የአክስቱ የረይሃና ልጅ ማሂራ ለሊሙ ገነት ሰዎች ታጭታለች። ዘራቸው በሽታ አለበት የሚል ወሬ አማቾቹ ጆሮ ከገባ ሰርጉ እንደሚቀር ኡመይር አልተጠራጠረም።

ወሬው ጥቂት ወራት ተቀብሮ ቆየ። ኅዳር ላይ ግን የመድረሳው ኡስታዝ ውዱእን የሚያበላሹ ነገሮች አስተማሩ። ለስግደት የታጠበ ወንድ ባዕድ ሴት ከነካ ውዱኡ ይበላሻል፣ ሴቷም እንዲሁ። እናት፣ እህት፣ አክስት ግን ባዕድ አይደሉም አሉ ኡስታዙ፤ እነሱን መንካት ውዱእ አያበላሽም።

ፋሂም የቀረውን ትምህርት አልሰማም። አክስቱ፣ አዳዳ ረይሃና፣ ማንንም አይጨብጡም። እጃቸውን ሻርፓቸው ሥር ከተው ደረታቸው ላይ በማድረግ ነው ሰላም የሚሉት፤ ለወንድም፣ ለሴትም፣ ለሕፃንም። ውዱኣቸው እንዳይበላሽ ነው ይባላል፤ የቡ ሙሉ በዚህ ያከብራቸዋል። እሱ ግን የወንድማቸው ልጅ ነው። እሱን ለምን አይጨብጡትም? ደግሞም ባለፈው ዒድ የውሃ ጀሪካን አስቀምጠው ቀና ሲሉ እጀታው ከመዳፋቸው አልወጣ ብሎ በሌላው እጃቸው ጣቶቻቸውን ሲያላቅቁ አይቷል። ያኔ ምንም አልመሰለውም ነበር።

ለዶክተር ትርፌ መልእክት ጻፈላት፤ «አንድ ሰው ሳላገኝ አልቀረሁም።» ስም ግን አልጻፈም። ስም ለመጻፍ ሞክሮ አጠፋው።

ቅዳሜ ጠዋት ቡና ላግዝ ብሎ አባቱን አስፈቅዶ የቡ ሄደ። አዳዳ ረይሃና ጓሮ ውስጥ፣ ከእንጨትና ከሽቦ በተሠራው የማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቀይ ቡና ያገላብጣሉ። እንዳዩት ፊታቸው በፈገግታ ተሞላ። «ኮቱ፣ ኢልማ ኮ፣ ና ልጄ» አሉና እጃቸውን ወደ ሻርፓቸው ሥር ሰደዱ።

ፋሂም በመንገድ ሁሉ የተለማመደው ንግግር ከአፉ ጠፋ። እጁን ከኪሱ አወጣ። ብርድ ተሰማው።

«አዳዳ» አለ፣ «እኔ እኮ ውዱእዎን አላበላሽም።»

የአክስቱ ፈገግታ ባለበት ቀረ። ዞር ብለው ቤቱን አዩ፤ ማሂራ ከውስጥ ከጓደኞቿ ጋር ስትሳሳቅ ይሰማል።

«ማን ነገረህ?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ማንም። እኔም እንደዚያው ነኝ።»

አዳዳ ረይሃና የተዘረጋውን እጅ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። በመጨረሻ የራሳቸውን ከሻርፑ አውጥተው ጨበጡት፤ መዳፋቸው ሻካራና ሞቃት ነበር። እሱ የእሳቸውን ሳመ፣ እሳቸውም የእሱን። ሰው የሚላቀቅበት ጊዜ ደረሰ፣ አለፈም፤ ጣቶቻቸው ግን እንደተቆላለፉ ቀሩ። አዳዳን ሳቅ አመለጣቸው፣ ወዲያው ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ሱብሃነላህ» አሉ። «እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን።»

«እኔም» አለ ፋሂም።

ስልኩ ጠራ። በግራ እጁ አውጥቶ ሲያየው ዶክተር ትርፌ ነች። ማን እንደሆነች፣ ምን እንደምትፈልግ፣ ስማቸውን እንዳልሰጣት ነገራቸው። አዳዳ ረይሃና እንደገና ወደ ቤቱ አዩ። «የማሂራ ሰርግ...» አሉ።

ፋሂም ብቸኛው ታማሚ ሆኖ መቅረት ምን እንደሚመስል ያውቃል። ዶክተሯ ምናልባት ጥናቱን ትተወው ይሆናል። ያም ሆኖ የሌላ ሰው ምሥጢር አውጥቶ መስጠት እንደማይችል አወቀ።

«ተሳስቼ ነበር እላታለሁ» አለ።

ስልኩ ዝም አለ። የሚያገላብጠው ያጣው ቡና ፀሐይ ላይ ነው።

«ዶክተር ያልከው ሴት ናት?» አሉ አዳዳ።

«አዎ።»

«የሴት እጅ ውዱኤን አያበላሽም» አሉ ለራሳቸው ያህል። ስልኩ እንደገና ጠራ፤ ፋሂም ኪሱ ከተተው። ጣቶቻቸው መላላታቸው ለሁለቱም ተሰምቷቸዋል። እጃቸውን ግን አንዳቸውም አልሰበሰቡም።