ዘጠነኛው መታጠፊያ ላይ የላላው እጅ

ሞተሩ ዘጠነኛው መታጠፊያ ላይ ጋዝ መቀነስ ከጀመረ ሦስት ቀን ሆነው። የሚቀንሰው ለሰከንድ አንድ አምስተኛ ብቻ ነው፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይፈተለካል። ቤንዚን ከቀረ አርባ ዓመት ቢያልፍም ሞተረኞች የፍጥነት እጀታውን ዛሬም «ጋዝ» ነው የሚሉት።

ጥፋቱን ፈልጋ እንድታወጣ የታዘዘችው ትርሲት ናት። የውድድር ሞተር ሁሉ «መንታ እጅ» አለው፤ የባለቤቱን አያያዝ ዓመት ካመት እያጠና፣ ሰውየው ሊያደርግ ያሰበውን ቀድሞት የሚያደርግ መሣሪያ ነው። በሰዓት አራት መቶ ኪሎ ሜትር የሚበር ሰው የገዛ እጁን ከጠበቀ ይዘገያል። ትርሲት ከአፍዴራ የጨው ሜዳ ሥር በተቆፈረው ጋራዥ ተቀምጣ ሁለት መስመር ታነባለች፤ ቀዩ የሞተሩ፣ ሰማያዊው የሞተረኛው የናሁሰናይ።

የቡድኑ ኃላፊ ጋሽ መርዕድ ላቡን እየጠረገ ገባ።

«ትርሲቴ፣ አገኘሻት?»

«የሚወርደው ቀዩ ነው። ሰማያዊው አልተነቃነቀም። ናሁሰናይ ጋዝ አልቀነሰም፤ የቀነሰው ሞተሩ ነው።»

«በቃ ደምስሻት!»

«ምን እንደሆነ ሳላውቅ አልደመስስም።»

«እሑድ ውድድር አለ እኮ! ምስር የምትለቅሚ መሰለሽ?»

ትርሲት ሃያ ዓመት ስትሠራ ያላየችውን አየሁ ብላ እንደማታውቅ፣ ያየችውንም ደብቃ እንደማታውቅ ጋሽ መርዕድም ያውቃል።

የእሑዱ ውድድር ለናሁሰናይ የመጨረሻው ሊሆን ይችላል። ዐሥራ አንድ ዓመት ተወዳድሯል። ግራ አንጓው በብረት የተያያዘ ነው፤ ሁለት ጣቶቹ ደንዝዘዋል። አብረውት ከጀመሩት ስምንት ሞተረኞች ዛሬ በእግራቸው የሚሄዱት ሦስት ናቸው። በውሉ መሠረት ዋንጫውን ካነሣ ይሰናበታል፤ ካላነሣ ቡድኑ አንድ ዓመት ይጨምርበታል። በዋንጫውና በእሱ መካከል ያለው ያቺ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ናት።

ትርሲት የድሮ መዝገቦችን ወደ ኋላ መመርመር ጀመረች። ይህ የውድድር መም ለስድስት ዓመት ተዘግቶ የተከፈተው ገና ከሦስት ቀን በፊት ነው። የተዘጋውም የናሁሰናይ የቡድን ጓደኛ ሐንፈሬ ዘጠነኛው መታጠፊያ ላይ ስለሞተ ነው። መሙ ከመዘጋቱ በፊት ግን ውድድሩ በማግስቱ ቀጥሎ ነበር፤ ናሁሰናይም ሠላሳ ዙር ነድቷል። ትርሲት የዚያን ቀን መስመሮች አወጣች። በሠላሳውም ዙር፣ ሐንፈሬ በወደቀበት ቦታ፣ ሰማያዊው መስመር ዝቅ ብሏል። ለሰከንድ አንድ አምስተኛ።

አባቷ ትዝ አላት። የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ከመንገድ ዳር የለቅሶ ድንኳን ሲያይ ዘፈኑን ይዘጋል፣ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ያነሣል። ተሳፋሪው ምንም ቢቸኩል ድንኳኑን በዝግታ ነው የሚያልፈው። ሟቹን አያውቀውም።

ሞተሩ አልተበላሸም። እጅ ነሥቶ ነው የሚያልፈው።

ናሁሰናይን አስጠራችው። የራስ ቁሩን በክንዱ እንዳቀፈ መጣ።

«እሺ እትዬ ትርሲት፣ ማነው ያረጀው? ሞተሩ ወይስ እኔ?»

«ሐንፈሬ በሞተ ማግስት ምን ተሰማህ?»

«ያኔማ ከብዶኝ ይሆናል።» ትከሻውን ነቀነቀ። «በሳምንቱ አቀለሉልኝ እኮ።»

ማቅለል የሚሉት ሕክምና ለሞተረኛ ግዴታ ነው። ትዝታው እንዳለ ይቀራል፤ ክብደቱ ብቻ ይነሣል። ናሁሰናይ የጓደኛውን ስም፣ መልክ፣ የወደቀበትን ሰዓት ሳይቀር ያስታውሳል፤ የሰው አገር ዜና እንደሚያስታውስ።

ትርሲት መፈተሻ ጠረጴዛዋ ላይ ወደተተከለው መሪ የዚያን ቀን መስመር ገለበጠች። «ጓንትህን አውልቅና ያዘው» አለችው።

እጀታው ከመዳፉ ሥር ፈጠነ። ከዚያ ላላ፤ እየተንቀጠቀጠ፣ በጣም በጥቂቱ፣ ሊያለቅስ ሲል ራሱን እንደሚገታ ሰው ጉሮሮ።

«ድገሚልኝ።»

ደገመችለት። ሰባት ጊዜ አስደገማት። በሰባተኛው እጁን አንሥቶ መዳፉን ተመለከተ።

«ይህ ማነው?»

«አንተ ነህ።»

«እኔ እንዲህ አዝኛለሁ?» ጓንቱን ለማጥለቅ ሲታገል ቆየ፤ የደነዘዙት ጣቶች እንቢ አሉት። «ከሞተሩ ደምስሺው። መሄድ እፈልጋለሁ፣ እትዬ። በእግሬ መሄድ።»

ትርሲት ከሞተሩ ደመሰሰችው።

እሑድ ቀዩ መስመር በሃያ ዘጠኙም ዙር ዘጠነኛውን መታጠፊያ ሳያመነታ አለፈ። ናሁሰናይ ይመራ ነበር። በሠላሳኛው፣ በመጨረሻው ዙር፣ ከኋላው የነበረው ሞተር ዘጠነኛው ላይ ደርሶበት ቀደመው። ዋንጫው በሰከንድ ዐሥራ አንድ መቶኛ አመለጠው።

ጋሽ መርዕድ በሩን በርግዶ ገባ።

«ደምስሼዋለሁ አላልሽም?! ይኸው ተመለሰ!»

ትርሲት መስመሮቹን ከፈተች። ቀዩ እንደተወጠረ ክር ቀጥ ብሏል። ሰማያዊው ወርዷል። ሞተሩ ሊሄድ ሲል እጅ ጎትቶ ይዞታል።

«የት ነው ጥፋቱ? ተናገሪ እንጂ!»

«ቀኝ እጁ ላይ» አለች።

የሃያ ዓመት ልማድ ነበር። ያየችውን ተናገረች፤ የተናገረችው ምን እንደሆነ የገባት ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ጋሽ መርዕድ ፊቱ ተፈታ።

«ሰውየው ላይ ከሆነማ ቀላል ነው» አለና እንደገና እንዲያቀልሉት ለሐኪሞቹ ሊደውል ወጣ።

በአምስተኛው ቀን ናሁሰናይ እያፏጨ መጣ። ፊቱ ታጥቦ የተሰጣ ልብስ ይመስላል።

«እትዬ ትርሲት፣ አንድ ነገር አስረጂኝ። ዘጠነኛው ላይ ጋዝ ቀነስኩ አሉ። መቀነሴን አውቃለሁ። ለምን እንደቀነስኩ ግን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። ለዚህች ብዬ አንድ ዓመት ልጨምር? እብድ ነኝ እንዴ?»

«ሐንፈሬን ታስታውሰዋለህ?»

«እንዴታ! ዘጠነኛው ላይ የሞተው።» ሰዓት ተጠይቆ እንደሚመልስ ሰው ነበር።

ትርሲት ወደ ጠረጴዛው ዞር አለች። የታዘዘችው ከሞተሩ እንድትደመስስ ነበር። መፈተሻው መሪ ላይ የገለበጠችውን ማንም አልጠየቃትም፤ እዚያው አለ። ብትመልስለት ዓመቱን ሙሉ ይዞት ይዞራል፤ እንደገና ይቀንስ ይሆናል፣ እንደገና ዓመት ይጨምሩበት ይሆናል። ባትመልስለት ቀልሎ ይነዳል፤ ቀልለው የነዱት አምስቱ ጓዶቹ የት እንደደረሱ ደግሞ ታውቃለች። ከሁለቱ የትኛው ምሕረት እንደሆነ የሚያሳይ መስመር የላትም።

«ምክንያቱ እኔ ዘንድ አለ» አለችው። «ግን ከባድ ነው። ትወስደዋለህ?»

ሳቀ። «ስንት ኪሎ ነው?»

«ማንም መዝኖት አያውቅም። ጓንትህን አውልቅ።»

ሳቁ ከፊቱ ሳይጠፋ ቀኝ እጁን ዘረጋላት።