የግራ እጅ ስፌት

ላዮኔልን ያገኘሁት ዶቃ ስገዛ ነው። ሱቁ ውስጥ የቀረችው አንዲት የሰማያዊ ዶቃ ከረጢት ነበረች፤ የእሱም የእኔም እጅ እኩል አረፈባት። ጨዋ ቢሆን ለሴት ይለቅ ነበር፤ አልለቀቀም። እኔም የአልሲድ ልጅ ነኝና አልለቀቅሁም። ባለሱቁ ሲሰለቸው ለሁለት አካፈለን።

ሊወጣ ሲል የቦርሳው ማንገቻ ተበጠሰ። ዶቃው ሊፈስበት ነው ብዬ አዘንኩለትና መርፌዬን አውጥቼ እዚያው ሰፋሁለት። ዓይኑን ከእጄ ላይ አልነቀለም።

«ግራኝ ነሽ እንዴ?»

«አዎ፤ ችግር አለው?»

«ኧረ የለውም። ስፌትሽ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ደስ ይላል።»

ስፌቴን ያመሰገነኝ ወንድ አጋጥሞኝ አያውቅም። ማፈሬን እንዳያይ ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞርኩ። ማየቱን የነገረኝ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ከትልቁ ድልድይ ስር እንገናኝ ጀመር። ችግሩ ግን ላዮኔል የላይ ሰፈር ልጅ ነው፤ እኛ የታች ሰፈር ነን። እዚህ ኒው ኦርሊንስ፣ እኛ ጥቁሮች ዘንድ፣ ይህ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም። አያቶቻችን በጾም ዋዜማ በሚከበረው የነጮቹ ካርኒቫል ላይ ችቦ ከመሸከም ሌላ ቦታ ሲነፈጋቸው በየሰፈራቸው የራሳቸውን ሰልፍ አወጡ። ከባርነት ያመለጡትን ያስጠጉ ለነበሩት ለአገሩ ነባር ሕዝቦች ክብር ሲሉም የላባ ዘውድ ደፉ። እስከ ዛሬ በየሰፈሩ በየዓመቱ አዲስ የዶቃ ልብስ ሰፍቶ የሚወጣ አንድ አለቃ አለ፤ ከሰልፉ ቀድሞ እየሄደ ያየውን ለአለቃው የሚነግር ቃፊርም አለ። በካርኒቫል ጠዋት ሁለት አለቆች መንገድ ላይ ሲገጣጠሙ ማንም ለማንም አያጎነብስም።

አባቴ አልሲድ የታች ሰፈር አለቃ ነበር። የላይ ሰፈሩ አለቃ ሮስኮ ደግሞ የላዮኔል አጎት ነው፤ ላዮኔል ራሱ ቃፊራቸው ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት በአንዱ ካርኒቫል ሁለቱ ሰፈሮች ተደባድበው የአባቴ ወንድም እግሩ ተሰበረ። ስለ ላዮኔል የነገርኩት ቀን አባቴ ሹካውን አስቀመጠና ከዚያ ሰፈር የመጣ ሰው ደጄን አይረግጥም አለ። ከዚያ ሹካውን አንስቶ ቀይ ባቄላና ሩዙን መብላት ቀጠለ።

በዚያው ዓመት የአባቴ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሕጋችን ጥብቅ ነው፤ አለቃ ልብሱን ከመጀመሪያው ዶቃ እስከ መጨረሻው ራሱ ይሰፋል። ሌላ ሰው የሰፋለትን ለብሶ የተገኘ አለቃ ሕዝብ ፊት ዘውዱን ያወልቃል። አባቴ በዓመቱ ልብስ ደረት ላይ የሚሰፋው ቅድመ አያቱን ነበር፤ ልጇን አዝላ፣ ከጌቶቿ አምልጣ፣ ረግረጉን ስታቋርጥ። ዶቃው ግን ተጣመመበት። የሴትየዋ ፊት እንኳ ፊት አልመስል አለ።

አላስቻለኝም። ማለዳ ማለዳ፣ እሱ ሳይነሳ፣ የሰፋውን እየፈታሁ እንደገና እሰፋለት ጀመር። አንድም ቀን ምንም አላለኝም፤ አላወቀም ብዬ ደስ አለኝ። ላዮኔል ዓይንሽ ለምን ይቀላል ሲለኝ ሽንኩርት ነው እለዋለሁ። ምስጢሩ የአባቴ እንጂ የእኔ አልነበረም።

የካርኒቫል ጠዋት ሁለቱ ሰፈሮች መስቀለኛው መንገድ ላይ ተገጣጠሙ። ሮስኮ አባቴን ከላይ እስከ ታች አየውና እጁን አነሳ። ከበሮው ቆመ።

«አልሲድ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል ሲሉ ሰማሁ። ታዲያ ይሄን ማን ሰፋልህ?»

አባቴ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሮስኮ ወደ ላዮኔል ዞረ። «እስቲ ቀረብ በልና እየው። የእሱ እጅ ነው?»

ላዮኔል አባቴ ደረት ድረስ ቀረበ። ዓይኑ በሴትየዋ ፊት አልፎ፣ የታዘለው ሕፃን እግር ላይ ወደ ግራ ያዘነበለው ስፌት ጋ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ማወቁን አወቅሁ። እውነቱን ከተናገረ አባቴ የአርባ ዓመት ዘውዱን ያወልቃል፤ ያንን ያደረገን ሰው ደግሞ ላገባ አልችልም። ከዋሸ ሰፈሩን መካዱ ነው። የቱን እንደምመኝ ለራሴም ጠፋኝ።

«ምን አየህ?» አለ ሮስኮ።

ላዮኔል አሁንም እኔን ያያል።

«አንተን እኮ ነው!»

«አልዋሽህም፣ አጎቴ። ግን አልናገርም።» የቃፊርነት ላባውን ከራሱ ላይ አውልቆ አቀበለው።

ከጎኔ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ። «ተወው ልጁን። የሰፋችው ልጄ ናት። እጄ እምቢ ካለኝ ከረመ። ጠዋት ጠዋት ስትፈታው በበሩ ስንጥቅ እመለከታት ነበር፤ ዘውዴን ስለምወድ ዝም አልኩ።»

በሚንቀጠቀጡት እጆቹ ዘውዱን ራሱ አወለቀ። ማንም አልሳቀም። እኔ መንገድ መሃል ቆሜ አለቀስኩ። ሮስኮ ያን ባዶ ራስ ለማየት ሠላሳ ዓመት የጠበቀ ሰው ነበር፤ ሲያየው ግን ዓይኑን ሰበር አደረገ። ሰዎቹን ወደ ዳር ሰብስቦ መንገዱን ለቀቀልን።

በማግስቱ ላዮኔል መጣ። ከቤተ ክርስቲያን የተቀባው የጾም መግቢያ አመድ ግንባሩ ላይ አለ። አባቴ ደረጃው ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል።

«ቃፊር ያየውን ይናገራል» አለው። «አንተ አልተናገርክም። ለምን ትሆነኛለህ?»

«ለቃፊርነት አልሆንም፣ አለቃ። ልጅዎን ቨርኒስን ግን እወዳታለሁ፤ እርስዎ ከፈቀዱ ላገባት ነው የመጣሁት።»

አባቴ ግንባሩ ላይ ያለውን አመድ አየ። «ከዛሬ ጀምሮ አለቃዋ እሷ ናት» አለ በመጨረሻ። «እሷን ጠይቃት።» ከዚያ እንዲያልፍ እግሩን ሰበሰበለት።

ከተጋባን አሥራ አንድ ዓመት ሆነን። ሮስኮ ኩርፊያው ሲበርድለት ላባውን መልሶለታል፤ ባሌ ዛሬም የላይ ሰፈር ቃፊር ነው፣ እኔም የታች ሰፈር አለቃ። በአንድ ቤት ውስጥ በሁለት ክፍል፣ በር ዘግተን እንሰፋለን። የዓመቱን ልብሴን ቀለም ለማየት የማይፈጥረው ሰበብ የለም፤ እስከ ካርኒቫል አላሳየውም። በካርኒቫል ጠዋት ከሰፈሩ ቀድሞ ይመጣና ፊቴ ቆሞ፣ እንደማያውቀኝ ሰው፣ «አጎንብሺ!» ይለኛል።

«አላጎነብስም» እለዋለሁ።

ያየውን ሊናገር ወደ አጎቱ ይመለሳል። «ዘንድሮም አላጎነበሰችም» ሲለው፣ ድምፁ ውስጥ ያለውን ኩራት ከመንገዱ ማዶ ሆኜ እሰማዋለሁ።